ካርድ ሪደር የምትገዙ የባሕር ዳር ሰዎች፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ሰሞኑን ጌስት ሀውስ፣ ጂምና መጋዘን ያላቸው ወዳጆቼ የካርድ መግቢያ ስለማስገጠም ይጠይቁኛል። ጥሩ ነገር ነው። ግን እኛን የገጠመን ሽያጭ ሌላ ሰው ላይ እንዲደገም አልፈልግም።

ጌስት ሀውሳችን ጣና ዳር ነው። አንዱ በር በአስፋልቱ በኩል ነው፣ አንዱ በሐይቁ በኩል፣ ሁለቱ መሃል ላይ። ሻጩ «አራቱም ሪደሮች (በር ላይ ካርድ የሚያነቡት ዕቃዎች) በአንድ ገመድ ተያይዘው እንግዳ መቀበያው ኮምፒውተር ላይ ይገባሉ፤ ለኔ ተዉት» አለን። ቴክኒሻኑ መጥቶ ገጠመ። አንዱን ሪደር ብቻውን ሲሞክረው ካርዱን ወዲያው ያነባል። ሁለተኛውን ሲጨምርበት ስክሪኑ ላይ ትርጉም የሌለው ፊደል ይደረደር ጀመር። አራቱንም ሲያገናኝ ጭራሽ ዝም።

ክዳኑን ከፍቼ አየሁት። ቲኤክስ የሚባለው የአራቱም የመላኪያ ሽቦ አንድ ላይ ተጠምዝዞ በአንድ ብሎን ታስሯል። ችግሩ እዚያ ነው። ዕቃው የሚነጋገረው አርኤስ-232 በሚባል የገመድ መገናኛ ዘዴ ነው፤ ይህ ደግሞ አንድ መሣሪያ ከአንድ ፖርት (የኮምፒውተር መሰኪያ) ጋር እንዲነጋገርበት የተሠራ ነው። ካርድ ያልቀረበለት ሪደር ዝም ያለ ይመስላል እንጂ ሽቦውን በራሱ ቮልቴጅ ይዞታል። አንዱ ሊናገር ሲል ሦስቱ አፉን ያፍኑታል። የርቀቱም ነገር አለ። አርኤስ-232 በተለመደው ፍጥነት የሚታመነው እስከ 15 ሜትር ገደማ ነው። የሐይቁ በር ከዚያ በብዙ ይርቃል።

ሻጩን ስንጠይቀው «ወደ አርኤስ-485 የሚቀይር ኮንቨርተር ጨምሩበት» አለ። ሌላ ገንዘብ ማለት ነው። በጣም ተጠንቀቁ የምላችሁ እዚህ ጋ ነው። አርኤስ-485 ብዙ መሣሪያ በአንድ መስመር የሚያገናኝ ሌላ ዘዴ ነው፤ ራሱ ጎበዝ ነው። ኤ እና ቢ በሚባሉ ሁለት ሽቦዎች፣ ፍጥነቱ ዝቅ ሲል እስከ 1200 ሜትር ይሄዳል፤ በመደበኛው ስሌት 32 መሣሪያ ይሸከማል። ኮንቨርተር ግን መስመሩን እንጂ የሪደሩን ጠባይ አይቀይርም። የኛ ሪደሮች ካርድ ሲያዩ ሳይጠየቁ ቁጥሩን ይለቃሉ፤ አድራሻ፣ ማለትም የየራሳቸው መለያ ቁጥር፣ የላቸውም። ሁለት እንግዶች እኩል ካርድ ቢያስነኩ መረጃው ይጋጫል። አንዱ ብቻ ቢያስነካም ኮምፒውተሩ የካርዱን ቁጥር እንጂ የትኛው በር ላይ እንደሆነ አያውቅም። በሩን የማያውቅ ዕቃ ምን ይረባል?

ለዚህ ሥራ የሚሆነው ሪደር ከመነሻው አርኤስ-485 ያለው፣ የየራሱ አድራሻ የሚሰጠው፣ ኮምፒውተሩ በተራው ሲጠይቀው ብቻ የሚመልስ ነው። ስለዚህ ሱቁ ውስጥ እንዳላችሁ ሁለት ሪደር በአንድ ጥንድ ሽቦ አስገጥሙ። አድራሻቸውን ፊታችሁ ያስቀይሩላችሁ። ከዚያ ካርድ አስነኩ፤ የትኛው ሪደር እንዳነበበ ስክሪኑ ላይ ይታይ። «ቤት ሄደን እናስተካክለዋለን» ካሏችሁ ውጡ።

ገመዱም እርስ በርሱ የተጠማዘዘ ጥንድ ይሁን። ከበር ወደ በር እየተቀጠለ ይሂድ እንጂ ከአንድ ቦታ ወደየበሩ አይበተን። በመስመሩ ሁለት ጫፍ 120 ኦም ሬዚስተር ይገባል። የክረምቱን መብረቅ ታውቁታላችሁ፤ በግቢ የሚያልፍ ረጅም ገመድ ያለ ሰርጅ መከላከያ (ድንገተኛ የኤሌክትሪክ ግፊትን የሚከላከል ዕቃ) አይዘርጋ።

ቀድማችሁ ገዝታችሁ ከሆነ ሪደሩን አትጣሉት። ኮምፒውተሩ አጠገብ ላለ በር፣ ለአንዱ ሪደር አንድ ፖርት እየሰጡ ማሠራት ይቻላል፤ ፖርት ካነሰ ከዩኤስቢ ወደ ሲሪያል (የአርኤስ-232 ዓይነት ፖርት) የሚቀይር ዕቃ አለ። የራቀው በር ግን የራሱ ገመድና በሁለቱም ጫፍ ኮንቨርተር ይፈልጋል። ያን ወጪ ደምሩና ዕቃውን ከመመለስ ጋር አነጻጽሩት።

ደረሰኙ ላይ «ካርድ ሪደር» ብቻ ተብሎ አይጻፍላችሁ። «አርኤስ-485፣ አድራሻው የሚቀየር፣ አራት በአንድ መስመር የሚሠራ» ይባል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምንገዛው ዕቃ ዓይነትና ጥራት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶናል። ሻጩ እምቢ ካለ ደረሰኙን ይዛችሁ ወደ ንግድ መምሪያ ሂዱ። የኛም አቤቱታ እዚያው ገብቷል።