ግቢ ውስጥ የቆመው ትርፍ ሳይክል፦ ድሬዳዋ ላይ ይቆይ ወይስ ይሸጥ?

ድሬዳዋ ለሳይክል የተመቸች ከተማ ናት። ከከዚራ ዛፎች ጥላ ተነስቶ ሰቢያን ለመድረስ ማርሽ አያስፈልግም። ሳይክል በየቤቱ የሚገኘውም ለዚህ ነው፤ ከሚነዳው ሌላ አንድ ትርፍ ግድግዳ ተደግፎ የቆመባቸው ግቢዎች ጥቂት አይደሉም። ያ ትርፍ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፦ ጎማው ባለ 28 ኢንች የሆነው የቻይና ፊኒክስ፣ ወይም ማርሽና ሞላ ያለው ባለ 26 ኢንች ማውንቴን። እዚህ የምንመዝናቸው በየቀኑ እንደሚነዳ ሳይክል ሳይሆን በወር አንዴ ወይም ከዚያ ባነሰ እንደሚነካ ትርፍ ዕቃ ነው። ፍርዳችንን ከፊት እናስቀምጠው፦ ድሬዳዋ ላይ ፊኒክሱ ይቆይ፣ ማውንቴኑ ሳይውል ሳያድር ይሸጥ። ሐረር ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ እሱን በኋላ እንመጣበታለን።

የቆመ ሳይክል እንደነበረ አይቆይም። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ በሚያልፍበት ከተማ መጀመሪያ የሚጎዳው ላስቲክ ነው። ንፋሱን የጨረሰ ጎማ የሳይክሉን ክብደት ተሸክሞ ሲከርም ቸርኬው ጎኑን ይጫነዋል፤ የታጠፈበት ቦታም ይሰነጠቃል። ፀሐይ ካገኘው ደግሞ ይፈጥናል። ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ሌላ ጠላት አለ፦ ካርቦን ያለው የኤሌክትሪክ ሞተር ሲሠራ ከብልጭታው የሚወጣው ኦዞን ላስቲክን ይሰነጥቃል። ሳይክሉን እንዲህ ያለ ሞተር ካለበት ክፍል ማራቅ ይበጃል።

ከላስቲኩ ቀጥሎ ግሪሱ ይደርቃል። ቀጭኑ ዘይት ወጥቶ ሰም የመሰለው ብቻ ይቀራል፣ አቧራ ሲቀላቀልበት ደግሞ እንደ ሞረድ ይበላል። በተለይ የኋላውን ፍሪዊል (መርገጥ ሲያቆሙ ጎማው ብቻውን እንዲዞር የሚያደርገውን ክፍል) ልብ ይበሉ። ውስጡ ያሉት ትንንሽ መያዣዎች በደረቀ ግሪስ ከተጣበቁ ፔዳሉ ሲረገጥ ሳይይዝ ይሾልካል፤ ቆመው እየረገጡ ከሆነ በደረትዎ መሪው ላይ ይወድቃሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሳይክሉን አጋድሞ በሚሽከረከረውና በማይሽከረከረው አካል መካከል ባለው ክፍተት ጥቂት ጠብታ ቀጭን ዘይት አድርጎ፣ ጎማውን ወደ ፊት እያሽከረከሩ "ጠቅ ጠቅ" የሚለው ድምፅ ጥርት እስኪል መጠበቅ። ግሪስ ግን እዚያ ውስጥ መጨመር የለበትም።

ፊኒክሱ እንደ ትርፍ ዕቃ የሚደነቀው የሚበላሽ ነገር ስለሌለው አይደለም። የሚበላሸው ነገር ጥቂት ነው፣ ብልሽቱም ይታያል፣ በ15 ቁልፍ፣ በፒንሳና በመዶሻ ይስተካከላል። ፍሬኑ በሽቦ ፈንታ በብረት ዘንግ ስለሚሠራ ለዓመት ቢቆም እንኳ ውስጡ ዝጎ የሚይዝ ሽቦ የለውም። ዝናብ ላይ ፍሬኑ ደካማ ነው፤ ይህን መደበቅ አይገባም። ጎማው ሲረጥብ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት በጣም ይረዝማል። ክብደቱም 20 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው ይከብዳል፣ ቁመቱ 1.60 ሜትር ለማይሞላ ሰውም ከመቀመጫው ወርዶ መቆም ያስቸግረዋል። ከቤተሰቡ የሚነዳው ሰው ከሌለ የእኛ ፍርድ አይሠራም፤ ይሸጡት።

ሁለት ነገር በተሳሳተ ምርመራ ገንዘብ ያስወጣል። አንደኛው ንፋስ ነው። የፊኒክስ ከመነዳሪ (ንፋሱን የሚይዘው የውስጥ ጎማ) ብዙ ጊዜ አፉ ላይ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ የለበሰች መርፌ አለችው። ያቺ ላስቲክ በሙቀት ስትደርቅ ጎማው በአንድ ሌሊት ይተነፍሳል፣ ሰዉም ከመነዳሪው ተቀዷል ብሎ አዲስ ይገዛል። ነፍተው አፉ ላይ ምራቅ ያድርጉ፤ አረፋ ከሠራ የሚቀየረው ያቺ ቁራጭ ላስቲክ ብቻ ናት። ሁለተኛው ፔዳሉ የሚያያዝበት ክንድ ነው። በየዙሩ አንድ ጊዜ "ጧ" የሚል ከሆነ ክንዱን የያዘው ሽብልቅ ላልቷል። ሰው ግን መሐሉ ያለው ኩሽኔታ አልቋል ይላል። ሽብልቁን ሲያወጡ ከክንዱ ሥር ጠንካራ ድጋፍ ሳያደርጉ በመዶሻ ከመቱ ግን ኩሽኔታውን በእርግጥ ይጎዱታል። አዲስ ሽብልቅ አስገብተው፣ ዳዶውን አጥብቀው፣ ትንሽ ነድተው እንደገና ያጥብቁት። ላልቶ እየተነዳ ከቆየ የክንዱ ቀዳዳ ይሰፋል፣ ያኔ ክንዱ ራሱ ይቀየራል።

ጎማ ሲገዙ ጎኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡ። የፊኒክሱ "28 × 1 1/2" ሲሆን ቸርኬው 635 ሚሊ ሜትር ነው። 700 ተብሎ የሚሸጠው 622 ስለሆነ 13 ሚሊ ሜትር ይጠባል፤ በጉልበት እንኳ አይወጣም። ባለ 26ም ሁለት ዓይነት ነው፦ "26 × 1.95" 559 ሲሆን "26 × 1 3/8" ደግሞ 590 ነው። በነጥብ የተጻፈና በክፍልፋይ የተጻፈ ጎማ አይለዋወጥም። ትርፍ ሳይክል የማቆየት ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው፦ ዋናው ሳይክልዎና ትርፉ አንድ ዓይነት ቸርኬ ካላቸው ጎማው፣ ከመነዳሪው፣ ፔዳሉ፣ መቀመጫውም ይለዋወጣል። ዋናው 28 ሆኖ ትርፉ 26 ከሆነ ግን ሁለት ዓይነት መለዋወጫ ነው የሚያስቀምጡት።

ወደ ማውንቴኑ እንለፍ። በርካሽ የሚሸጠው ዓይነት ሁለት የማርሽ መቀየሪያ፣ ሁለት መቆጣጠሪያ፣ ቢያንስ አራት ሽቦ አለው፤ ሲቆም ሁሉም ያረጃሉ። መሪው ላይ ያለው መቆጣጠሪያ ግሪሱ ሲደርቅ ይጫናል እንጂ አይይዝም። (ቀጭን ዘይት ነፍተው ደጋግመው ቢጫኑት ብዙ ጊዜ ይነሳል፤ ከመጣልዎ በፊት ይሞክሩት።) የፊቱ ሞላ አቧራ ገብቶበት ይደርቅና ክብደት ብቻ ይሆናል። ሜዳ ላይ ይህ ሁሉ ለምንም አይጠቅምም። የደጫቱን ወንዝ በአሸዋው ላይ የሚያቋርጥ ሰው ሰፊ ጎማው ይረዳዋል፣ ያው አሸዋ ግን ካቴናውንና የማርሽ ጥርሱን ይበላል።

ከመሸጥ በፊት ካቴናውን ይለኩ። ከአንዱ ፒን መሐል ጀምሮ 24 መጋጠሚያ ሲቆጠር 30.5 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። 30.8 ከደረሰ አልቋል፣ ጥርሱንም አብሮ በልቶታል፤ ካቴናውን ብቻ ቢቀይሩ አዲሱ በአሮጌው ጥርስ ላይ ይዘላል። እንዲህ ከሆነ ምንም ሳይገዙ ዋጋውን ቀንሰው ይሽጡ። በተሰነጠቀ ጎማም እንዲሁ፤ አዲስ ጎማ ገጥሞ የሚሸጥ ሰው የጎማውን ዋጋ አያገኝም። ፍሬን ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ፍሬኑ የማይይዝ ሳይክል ለሰው መስጠት አይገባም። ማጠብ፣ መንፋት፣ ካቴናውን ዘይት መቀባት፣ ማርሹ ሁሉም ላይ እንዲገባ ማድረግ በቂ ነው። ገዢው የሚቀይረውን ዕቃ ደምሮ ነው የሚከራከረው፤ እርስዎም አስቀድመው ደምረው ይጠብቁት።

ጽሑፍ ሳይኖር አይሽጡ። ቴላዮው (የሳይክሉ ዋና የብረት አካል) ላይ፣ ብዙ ጊዜ ከፔዳሎቹ መሐል በታች፣ የተመታ ቁጥር አለ። ቆሻሻውን ጠርገው ያንን ቁጥር፣ ቀለሙን፣ ዋጋውን፣ የሁለታችሁን መታወቂያ ቁጥር ጽፋችሁ በምስክር ፊት ተፈራረሙ። ገዢው ከሆኑም ይህንን የማይፈርም ሻጭ ይለፉት፣ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል።

አሁን ሐረር። ከተማዋ 1,885 ሜትር ላይ ናት፣ ጀጎል ውስጥም ሆነ ውጪ ዳገት አለ። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ፊት 48፣ ኋላ 20 ጥርስ ያለው ባለ 28 ሳይክል በአንድ የፔዳል ዙር 5.4 ሜትር ያህል ይሄዳል። ፊት 22፣ ኋላ 28 ላይ የገባ ማውንቴን 1.6 ሜትር ብቻ ይሄዳል፣ ስለዚህ ዳገቱን በሦስት እጥፍ የቀለለ ጉልበት ይወጣዋል። ሐረር የሚኖር ሰው ፊኒክሱን ለድሬዳዋ ሰው ሸጦ ማውንቴኑን ቢይዝ ሁለቱም ይጠቀማሉ። ታዲያ በደንገጎ በኩል ሲያወርደው መኪና ላይ ጭኖ ይሁን፤ በዘንግ ፍሬን ያን ቁልቁለት መንዳት አደገኛ ነው።

የሚቆየው ሳይክል የሚጠይቀው በወር የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ጎማውን ጠንክሮ እስኪቆም መንፋት፣ ከተቻለ ከመሬት አንስቶ ማንጠልጠል፣ ከፀሐይ ማራቅ፣ ካቴናው ላይ ዘይት አድርጎ ትርፉን በጨርቅ መጥረግ፣ ከዚያ ዙሪያውን አንድ ጊዜ መንዳት። በዓመት አንዴ የሁለቱን ጎማ መሐል ፈትቶ የብረት ኳሶቹን በላምባ ማጠብ። ኋላ ብዙ ጊዜ በየጎኑ 9፣ ፊት 10 ይሆናሉ፤ ሲፈቱ ግን ቆጥረው ይጻፉ። አንዱ እንኳ ከተቦረቦረ በዚያ ጎን ያሉት ሁሉ ይቀየራሉ፣ አንድ አሮጌ ለናሙና ይዘው ይሂዱ። ፔዳል ሲፈቱ የግራው ጥርስ ተቃራኒ መሆኑን አይርሱ፤ እሱን ለመፍታት ቁልፉ ወደ ቀኝ ይዞራል።