ብርሃኑ ሲበራ ማራገቢያው ይቆማል

ሥራዬ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ነው። 11 ዓመት ሆነኝ። የወንጀል ምርመራ ድራማ ሳይ ታዲያ ዓይኔ የሚያርፈው ተዋናዩ ፊት ላይ ሳይሆን ጓንቱ ላይ ነው። ጓንት ሳይቀይር ሌላ ናሙና ከነካ ፊልሙ በቃኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ከአዳር ወጥቼ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ፣ ተማሪ እያለሁ ከሰፈር ሲዲ አከራይ ተከራይቼ ያየሁትን ደግሜ አየሁት። የላስ ቬጋሱ የወንጀል ምርመራ ተከታታይ ድራማ «ሲኤስአይ»፣ የአምስተኛው ሲዝን መዝጊያ፣ ባለ ሁለት ክፍሉ «ግሬቭ ዴንጀር»። በአሜሪካ በሲቢኤስ ቴሌቪዥን የታየው በግንቦት 2005 እ.ኤ.አ. ነው። ዳይሬክተሩ ኩዊንቲን ታራንቲኖ ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። መርማሪው ኒክ ስቶክስ ለሥራ እንደወጣ ይታፈናል። ሲነቃ ግድግዳው እንደ መስታወት በሚያሳይ ሳጥን ውስጥ፣ ከነሕይወቱ ተቀብሯል። አጠገቡ ሽጉጥና የድምፅ መቅጃ ተቀምጦለታል። አፋኙ አንድ ሚሊዮን ዶላር ይጠይቃል። ጓደኞቹ በኮምፒውተር በቀጥታ ሊያዩት ይችላሉ። እሱ ግን አያያቸውም።

እኔን የያዘኝ ያ የኮምፒውተሩ ቁልፍ ነው። ሲጫኑት ሳጥኑ ውስጥ መብራት ይበራና ኒክን ያያሉ። ደጋግመው ይጫኑታል፤ ማን አይጫንም? በኋላ ግን አለቃቸው ግሪሶም አንድ ነገር ይገባዋል። መብራቱ ሲበራ አየር የሚያስገባው ማራገቢያ ይቆማል። ናፍቀው ባዩት ቁጥር አየሩን እየከለከሉት ነበር። እዚህ ጋ አቆምኩትና ተነስቼ ውሃ ጠጣሁ። ተረኛ ሆኖ የታመመን ሰው ደጋግሞ «እስቲ ልየው» ያለ ሰው ይህን ስሜት ያውቀዋል።

ሌላው ሳጥኑ ውስጥ ገብተው ኒክን የሚነክሱት ጉንዳኖች ናቸው። ቀያዮቹ፣ ሲነክሱ የሚያቃጥሉት። ግሪሶም የነፍሳት ተመራማሪ ስለሆነ በስክሪኑ ላይ ዓይነታቸውን ለይቶ፣ ከዚያ ተነስቶ ኒክ የተቀበረው ችግኝ ጣቢያ እንደሆነ ይደርስበታል። ይሄ ነው ሙያ! የጦር መሣሪያም ሩጫም የለም፤ አንድ ሰው ለዓመታት ያጠናው ነገር በሰዓቱ ሲደርስ ነው የምታዩት።

የማልወደውም አለ። ኒክ በቅዠት የራሱን አስከሬን ምርመራ የሚያይበት ጥቁርና ነጭ ትዕይንት ለኔ ከታሪኩ ያስወጣል። ደም የሚረጭበት ምክንያት አልታየኝም። የላብራቶሪው ፍጥነትም እንደተለመደው ነው፤ ዲኤንኤ ቡና እስኪፈላ ይደርሳል። በእውነተኛው ዓለም ናሙናው ተራ ይጠብቃል፣ ማሽን ይበላሻል፣ ኬሚካል ያልቃል። ታካሚ መጥቶ «በቲቪ ወዲያው ነው የሚደርሰው» ሲለኝ የሚከፋኝ ለዚህ ነው።

ያላያችሁት ይህችን አንቀጽ ዝለሏት። አፋኙ አባት ነው። ልጁ በላብራቶሪ ማስረጃ ተፈርዶባት እስር ቤት ገብታለች። መጨረሻ ላይ ኒክ እዚያው ድረስ ሄዶ ያገኛታል። አይሰድባትም። ስትወጪ ይህን ነገር ይዘሽው አትውጪ ይላታል። እኔም አንድ ሥራ ላይ የሁለት ሰው ቱቦ ስም ተቀያይሮ አይቻለሁ። ውጤቱ ከመውጣቱ በፊት ነው የተያዘው። እጄ ግን ቀኑን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ ዋለ። ስለዚህ ያቺን ልጅ ሳያት የታየኝ የአባቷ ክፋት ብቻ አልነበረም፤ እኛ ፈርመን የምናወጣው ወረቀት ጭምር ነው።

ኒክ ተቀብሮ ያሳለፈውን ሰዓት ተዋናዩ ጆርጅ ኢድስ ብቻውን ነው የሚሸከመው፤ ዓይኑና ትንፋሹ ብቻ። ግሪሶም ከላይ ሆኖ፣ የኒክ አባት ልጁን በሚጠራበት ቅጽል ስም «ፓንቾ!» ብሎ ሲጣራ አለቀስኩ። ሁለቱን ክፍሎች በአንድ ማታ እዩአቸው፣ መሀል ላይ አታሳድሩት። ጉንዳን የሚያስፈራው ሰው ሁለተኛውን ክፍል ብቻውን ባያይ ይሻላል። እህቴ ግማሹ ላይ ነው ጥላኝ የወጣችው።