35 ሰዓቱን ገዛሁ፣ ትምህርቱን ሌላ ቦታ አገኘሁ

ፒኤምፒ የተባለውን የፕሮጀክት ማናጀሮች የምስክር ወረቀት ፈተና ልፈተን ብዬ ስነሳ ገንዘብ ያወጣሁት ሦስት ነገር ላይ ነው። የ35 ሰዓት የኦንላይን ኮርስ፣ የመለማመጃ ጥያቄ ባንክ፣ ከዚያ ራሱ ፈተናው። ስለ ሦስቱም ልንገራችሁ። ኮርሱን የሸጠልኝን ድርጅት ስም አልጠራም። እንደሱ ያለው ሞልቷል፣ አንዱን ስታመልጡ ሌላው ይጠብቃችኋል።

የኔ ሥራ መጋዘን ነው። ዕቃ ከአንዱ መጋዘን ወደ ሌላው ማዛወር፣ መደርደሪያ ማስተከል፣ የዕቃ መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ማስገባት። የሥራ መደቤ "አስተባባሪ" ይላል። ፕሮጀክት ማናጀር ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም። "እኔማ ለዚህ ፈተና አልበቃም" የምትሉ ካላችሁ፣ እኔም እንደዚያ እል ነበር።

ብዙ ሰው የሚፈራው ጥናቱን ነው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን የማመልከቻው ፎርም ነው። ፈተናውን የሚሰጠው ፒኤምአይ የተባለው ተቋም፣ እኔ ሳመለክት የአራት ዓመት ዲግሪ ካላችሁ ባለፉት 8 ዓመታት ውስጥ 36 ወር ፕሮጀክት መምራታችሁን እንድታሳዩ ይጠይቅ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ብቻ ካላችሁ 60 ወር ነበር። በዚያ ላይ 35 ሰዓት የፕሮጀክት ማኔጅመንት ትምህርት ይጨመራል። የሥራ መደባችሁ ስም ምንም ይሁን፣ ዋናው ሥራውን መምራታችሁ ነው።

ወሮቹን ስደምር 50 መጡልኝ። ደስ ብሎኝ ልዘጋው ስል አንድ ነገር ዓይኔ ገባ። ሁለት ፕሮጀክት በአንድ ጊዜ ከመራችሁ፣ የተደራረበው ወር አንዴ ብቻ ነው የሚቆጠረው። እኔ ደግሞ ሶፍትዌሩን እያስገባሁ መጋዘን ያዛወርኩባቸው 9 ወሮች ነበሩ። 41 ቀረኝ። በቃኝ፤ ግን ልቤ ትንሽ ደንግጣለች። ከመመዝገባችሁ በፊት በወረቀት ላይ መስመር እያሰመራችሁ ቁጠሩ፤ በጭንቅላት አይሆንም።

ከዚያ የእያንዳንዱ ፕሮጀክት መግለጫ አለ። የመጀመሪያው ጽሑፌ ይህን ይመስል ነበር፦ "ዕቃ ወደ አዲሱ መጋዘን አዛወርን። ሠራተኞችን ተቆጣጠርኩ። ሪፖርት አቀረብኩ። ሥራው በሰላም ተጠናቀቀ።" ቀድሞኝ ያለፈ ጓደኛዬ አነበበውና ሳቀ። "ይሄ እኮ የጥበቃ ሠራተኛ መዝገብ ነው" አለኝ። ከዚያ ጥያቄ ያዥጎደጉድብኝ ጀመር። ለምን ነበር የተዛወረው? ማን ወሰነ? መርሐ ግብሩን ማን አወጣው? ዝናብ ቢመጣ ምን አስባችሁ ነበር? ዕቃው ጎድሎ ቢገኝ ማን ይጠየቃል? መጨረሻ ላይ ማን ተረከበ፣ ምን ላይ ፈረመ?

ሁሉንም መለስኩለት። መልሱ ራሴ ጋ ነበር፤ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው ግን አልነበረም። ሁለተኛው ጽሑፌ እንዲህ ሆነ፦ "የፕሮጀክቱ ዓላማ የኪራይ ውል ሳያልቅ ሥራ ሳይቋረጥ ዕቃውን ማዛወር ነበር። የሥራውን ወሰንና መርሐ ግብር አዘጋጅቼ አስጸደቅሁ። ለጉዳትና ለጉድለት ስጋት ምላሽ አቀድኩ። በየሳምንቱ ለክፍል ኃላፊዎች ሁኔታውን አሳወቅሁ። ቆጠራው ከመዝገቡ ጋር ተመሳክሮ ርክክቡ ተፈረመ።" ሥራው ያው ነው፣ አንድም ውሸት አልጨመርኩም። ግን ይህን ከጻፍኩ በኋላ ነው ስሠራ የኖርኩትን ነገር ስሙን ያወቅሁት። በዚህ ሁሉ ሂደት ከየትኛውም ቪዲዮ በላይ ያስተማረኝ ፎርሙ ላይ ያለው ያ ባዶ የመግለጫ ሳጥን ነው።

ልምዳችሁን የሚያረጋግጥ ሰውም ታስመዘግባላችሁ። የቀድሞ አለቃዬ ጋ ደወልኩ። "ምናልባት ሊጠይቁዎት ይችላሉ፣ የጻፍኩትን ልላክልዎት" አልኳት። አነበበችና መልሳ ደወለች። "ይሄ ሁሉ ያንተ ሥራ ነበር እንዴ? እኔ እኮ ዕቃ የምታስጭን ነበር የሚመስለኝ" አለችኝ። ልትቀልድ ይሁን ከልቧ እስካሁን አልገባኝም። ይህን ስልክ ቀድማችሁ ደውሉ። ማመልከቻዎች በዕጣ እየተመረጡ ኦዲት ይደረጋሉ። ከደረሳችሁ የዲግሪያችሁን ቅጂ፣ የኮርሱን የምስክር ወረቀትና የእነዚህን ሰዎች ማረጋገጫ በ90 ቀን ውስጥ ማቅረብ አለባችሁ። እኔ አልደረሰኝም። ጓደኛዬ ደርሶት ነበር፣ ያስጨነቀውም አንድ ቁጥሩን የቀየረ አለቃውን ፍለጋ ነው። አንዴ ከተፈቀደላችሁ ደግሞ አንድ ዓመት አላችሁ። በዚያ ውስጥ እስከ ሦስት ጊዜ መፈተን ትችላላችሁ።

አሁን ወደ ኮርሱ። ማስታወቂያው "ማለፍ ዋስትና ያለው" ይላል። ከከፈልኩ በኋላ ነው ደቃቁን ጽሑፍ ያነበብኩት። ገንዘባችሁን የሚመልሱት ሦስት ጊዜ ወድቃችሁ ማስረጃ ስታመጡ ነው። ሦስት ጊዜ ለመውደቅ ደግሞ ሦስት ጊዜ የፈተና ክፍያ መክፈል አለባችሁ! ዋስትናው ለማን እንደሆነ ገባችሁ።

ይህም ይሁን፣ ትምህርቱ ደህና ቢሆን ኖሮ እተወው ነበር። አስተማሪው ስላይዱን ያነባል። እኔም ማንበብ እችላለሁ። ከ35ቱ ሰዓት አብዛኛው የሄደው 49 የፕሮጀክት አመራር ሂደቶችን ከነግብዓትና ውጤታቸው በማሸምደድ ላይ ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የፒምቦክ፣ ማለትም የፒኤምአይ የፕሮጀክት አመራር መመሪያ መጽሐፍ፣ ስድስተኛ እትም አካሄድ ነው። በ2021 የወጣው ሰባተኛው እትም በመርሆች ላይ የቆመ ነው፣ ፈተናውም ከዚያ ዓመት ጥር ጀምሮ ተቀይሯል። እኔ የተፈተንኩበት ይዘት ግማሽ ያህሉ በአጃይል (ሥራውን በትንንሽ ዙር እየሠሩ ዕቅዱን እያስተካከሉ መሄድ) እና በሃይብሪድ (እሱን ከቀድሞው ሁሉን አስቀድሞ የማቀድ ስልት ጋር ማደባለቅ) አሠራር ላይ ነበር። ኮርሱ አጃይልን ያነሳው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሰው ቤቱ ሊሄድ ጫማውን እያሰረ እንደሚናገረው ዓይነት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሰንጠረዥ ሳሸመድድ ከረምኩ። ተሸወድኩ።

ከአምስት ኮከብ ሁለት እሰጠዋለሁ። አንዱ ለምስክር ወረቀቱ ነው፣ 35 ሰዓቱን ያለ ጥያቄ ሞልቶልኛል። ሁለተኛው ስለ ወጪና ጊዜ ስሌት ላስረዳበት ክፍል ነው፣ እውነት ለመናገር እሱ ጥሩ ነበር። 100 ብር አውጥታችሁ የተሠራው ሥራ ዋጋው 80 ከሆነ፣ 80ን ለ100 አካፍሉ፣ 0.8 ይመጣል። ከአንድ በታች ከሆነ በጀታችሁን እየበላችሁ ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ድሮ ያስገባሁት ሶፍትዌር ላይ አሰላሁት። ባላሰላው ይሻለኝ ነበር።

ያሳለፈኝ የጥያቄ ባንኩ ነው። የመጀመሪያው ሞክ (የመለማመጃ) ፈተና ላይ 61 በመቶ አመጣሁ። ጥያቄዎቹ "ይህ ምንድን ነው" አይሉም። አንድ ሁኔታ ይነግሯችሁና "በመጀመሪያ ምን ታደርጋለህ?" ይላሉ። ዓይነቱን እንድታዩት አንድ ልፍጠርላችሁ።

አንድ አቅራቢ ዕቃ በሁለት ሳምንት እንደሚያዘገይ የቡድኑ አባል ነገረህ። ይህ ስጋት አስቀድሞ በስጋት መዝገቡ ላይ ተጽፏል። በመጀመሪያ ምን ታደርጋለህ? ሀ. ለስፖንሰሩ (ፕሮጀክቱን ለሚደግፈው የበላይ ኃላፊ) ታሳውቃለህ። ለ. በመዝገቡ ላይ የታቀደውን ምላሽ ትተገብራለህ። ሐ. መርሐ ግብሩን ለማራዘም የለውጥ ጥያቄ ታቀርባለህ። መ. ከአቅራቢው ጋር ስብሰባ ትጠራለህ።

እኔ ብሆን ያለማመንታት ሀ ነበር የምለው። መልሱ ለ ነው። ስጋቱ ተጽፏል፣ ምላሹ ታቅዷል፣ ታዲያ አለቃ ጋ ምን ያስሮጣል? ማሳወቁ ይመጣል፣ ግን መጀመሪያ አይደለም።

የስህተት ደብተር ያዝኩ። በአንድ በኩል የመረጥኩት፣ በሌላ በኩል ትክክለኛው፣ በሦስተኛው "ለምን ተሳሳትኩ" የሚል። 40 ስህተት ሲሞላ ቁጭ ብዬ ቆጠርኩ። 27ቱ አንድ ዓይነት ናቸው፦ ወይ ወደ አለቃ ሮጫለሁ፣ ወይ ሰው ሳላናግር ወስኛለሁ። ፈተናው የሚፈልገው ማናጀር መጀመሪያ ነገሩን የሚያጣራ፣ ሰዎቹን በግል የሚያነጋግር፣ ቡድኑ ራሱ እንዲፈታው የሚተው፣ በራሱ ሥልጣን ያለውን ጨርሶ ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ላይ የሚያወጣ ሰው ነው። እኔ በመጋዘን ያደግሁት በሌላ ሥርዓት ነው። ኮንቴይነር ከዘገየ ስልክ ይደወላል፣ ነገሩም አበቃ።

ባንኩም ነቀፌታ አለበት። በጣም ከባድ ብሎ የለያቸው ጥያቄዎች አንዳንዶቹ ሁለት ትክክለኛ መልስ ያላቸው ይመስላሉ፣ ማብራሪያቸውም ሰው አያሳምንም። አንዱ ላይ አንድ ሰዓት ከጓደኛዬ ጋር ተጨቃጨቅን። በኋላ ዘለልኳቸው፣ ምንም አልጎደለብኝም። መካከለኛዎቹን ግን ሁለቴ ሥሯቸው። አራት ኮከብ።

ፈተናው 180 ጥያቄ በ230 ደቂቃ ነበር። ለአንድ ጥያቄ 76 ሰከንድ ገደማ ይደርሳል። ከ180ው 5ቱ ለሙከራ የገቡ ነበሩ፣ ነጥብ አልነበራቸውም፤ የትኞቹ እንደሆኑ ግን አይነገራችሁም። ከ60ኛውና ከ120ኛው ጥያቄ በኋላ የ10 ደቂቃ እረፍት ነበረ። እረፍት ከወጣችሁ ወደ ኋላ ተመልሳችሁ መልስ መቀየር አትችሉም። ቤት ሆኖ በዌብካም እየታዩ መፈተንም ይቻላል። እኔ የፈተና ጣቢያ ሄጄ መፈተንን የመረጥኩት በአንድ ምክንያት ነው፤ ሳነብ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል። ቤት ሆኖ ለሚፈተን ደግሞ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ክልክል ነው። በከንፈሬ ምክንያት ፈተናዬ ሲቋረጥ ታየኝ። ጣቢያው ውስጥ ጆሮዬን ከድኜ፣ እንደ ልቤ እያነበነብኩ ሠራሁ።

መጀመሪያዎቹ 60 ላይ ቆየሁ፣ ስድስት ደቂቃ በላብኝ። ሁለተኛው ዙር ላይ አካካስኩት። ሦስተኛው ዙር ላይ ዓረፍተ ነገሩን ሁለቴ እያነበብኩ እንደማይገባኝ ሲታወቀኝ፣ የመጨረሻውን መስመር አስቀድሜ ማንበብ ጀመርኩ። ጥያቄው ያለው እዚያ ነው፣ ከላይ ያለው ታሪክ ነው። ይህን ከመጀመሪያው ባደርገው ኖሮ! ስሌት በጣም ጥቂት ነበር። 49ኙን ሂደቶች የጠየቀኝ የለም።

አለፍኩ። ውጤቱ በቁጥር አይመጣም፣ የማለፊያ ነጥቡም አይገለጽም። በሦስት ዘርፍ ተከፍሎ ከዒላማ በላይ፣ ዒላማ ላይ፣ ከዒላማ በታች፣ መሻሻል ያስፈልገዋል እያለ ነው የሚነግራችሁ። የፈተናውን 42 በመቶ የያዘው የሰዎች ዘርፍ ላይ ከዒላማ በላይ ነኝ፤ ያ የስህተት ደብተሩ ሥራ ነው። 50 በመቶ በያዘው ሂደት ላይ ዒላማ። 8 በመቶ ብቻ በነበረው የቢዝነስ አካባቢ ዘርፍ ከታች። "8 በመቶ ምን ያመጣል" ብዬ ስላላነበብኩት ይገባኛል። እናንተ ግን በኔ ቁጥር አትመሩ። ይዘቱ በየጥቂት ዓመቱ ይከለሳል፣ ክብደቱም ይቀየራል። ኮርስ ከመግዛታችሁ በፊት በሥራ ላይ ያለውን የፈተና ይዘት ዝርዝር ከተቋሙ ድረ ገጽ አውርዱ፣ በነጻ ነው። ከዚያ ኮርሱ በየትኛው ይዘት እንደተዘጋጀ ሻጩን በጽሑፍ ጠይቁ። እኔ ያልጠየቅሁት ይሄን ነው።

አንድ የማይነገር ነገር ደግሞ አለ። የምስክር ወረቀቱ ለዘላለም አይደለም። በየሦስት ዓመቱ 60 የሙያ ማሻሻያ ነጥብ መሙላት ይጠበቅባችኋል። በግርድፉ አንድ ሰዓት ትምህርት አንድ ነጥብ ነው። ካለፍኩ ዓመት ሆኖኛል፣ እስካሁን የመዘገብኩት 4 ነው።