77 አዳር፦ መጀመሪያ ክፍሉ፣ ከዚያ ነጥቡ

የ11 ሳምንት ሥራ ሲሰጠኝ መጀመሪያ ያወጣሁት ካልኩሌተር ነው። 11 በ7 ሲባዛ 77 አዳር። ሥራዬ መሥሪያ ቤቶች ውስጥ የሂሳብ ሶፍትዌር መትከልና ሠራተኞችን ማሠልጠን ስለሆነ ሻንጣ ይዞ መውጣት ብርቄ አይደለም። ሁለት ሦስት ቀን ከሆነ የትም አድሬ እመለሳለሁ። 77 አዳር ሲሆን ግን ኑሮ ይሆናል። ልብስ ይታጠባል፣ ምግብ ይበሰላል፣ ጉንፋን ይይዛል፣ እሁድ ይመጣል።

በዚህ ጉዞ ላይ በደንብ ያሰብኩበት ምክንያት አለኝ። ከዚያ በፊት በነበረኝ ረጅም ጉዞ ተቃጥያለሁ። ያኔ ሆቴሉ የተያዘልኝ በአንድ የቦኪንግ ድረ ገጽ በኩል ነበር። 46 አዳር አድሬ ስወጣ የአባልነት ቁጥሬን ሰጠሁ። ትልልቅ ሆቴሎች ለአባሎቻቸው በከፈሉት ልክ ነጥብ ይሰጣሉ፤ ነጥቡ ሲጠራቀም በነፃ ያሳድራል። የሪሴፕሽኑ ልጅ ስክሪኑን አየት አደረገና “ይቅርታ፣ በሌላ ድርጅት በኩል የተያዘ ክፍል ነጥብ አይዝም” አለኝ። ሁለት ጊዜ ኢሜይል ጻፍኩ። መልሱ ያው ነው። 46ቱም አዳር እንዳልነበረ ሆነ።

ሕጉ በትልልቆቹ የሆቴል ሰንሰለቶች ሁሉ ይመሳሰላል። ነጥብና አዳር የሚቆጠረው በራሳቸው ድረ ገጽ፣ በራሳቸው አፕ ወይም በስልካቸው ለተያዘ ክፍል ነው። መሥሪያ ቤታችሁ ከሆቴሉ ጋር የተዋዋለበት ልዩ ዋጋ ካለም አብዛኛውን ጊዜ ይቆጠራል። ሂሳቡን መሥሪያ ቤት ቢከፍልም ነጥቡ በተለምዶ የሚገባው ክፍሉ ውስጥ ላደረው አባል ነው። በጅምላ ውል ለቡድን የተያዘ ክፍል ላይ ግን ሊለይ ስለሚችል ከመግባታችሁ በፊት ጠይቁ፤ መልሱንም በኢሜይል ያዙት። ነጥቡን ለራሳችሁ ማድረግ ይፈቀድ እንደሆነም ከፋይናንስ ክፍሉ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። አንዳንድ ድርጅት ይህን አይወድም።

አሁን ነጥቡን ለጊዜው እርሱት። ረጅም ቆይታ ላይ ዋናው ክፍሉ ነው።

ለረጅም እንግዳ ተብለው የሚሠሩ ሆቴሎች አሉ። ሬዚደንስ ኢን ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ጃክ ዲቦር የሚባል የአፓርታማ ገንቢ በ1975 አሜሪካ ውስጥ ዊቺታ፣ ካንሳስ ላይ ጀመረው። የሆቴል ኩባንያው ማሪዮት ደግሞ በ1987 ገዛው። መሥራቹ አፓርታማ ይሠራ የነበረ ሰው መሆኑ ክፍሉን ስታዩ ይገባችኋል። ምድጃ አለ፣ ሙሉ ፍሪጅ አለ፣ ሳህንና ድስት አለ፣ አልጋውና መቀመጫው ተለያይቷል። አሁን በዚሁ መንገድ የሚሄዱ ብዙ ናቸው። ከሂልተን ሆምዉድ ስዊትስና ሆም2 ስዊትስ፣ ከአይኤችጂ ስቴይብሪጅ ስዊትስና ካንድልዉድ ስዊትስ፣ ከሃያት ደግሞ ሃያት ሃውስ ይጠቀሳሉ።

“ኩሽና አለው” የሚለውን ቃል ግን ዝም ብላችሁ አትመኑ። ያ 46 አዳር ያደርኩበት ሆቴል ድረ ገጹ ላይ ኩሽና አለኝ ይል ነበር። ገብቼ ያገኘሁት ማይክሮዌቭና ትንሽ ፍሪጅ ነው። ፍሪጁ ደግሞ አልጋው ራስጌ አጠገብ፣ የእንጨት ሳጥን ውስጥ ተሸጉጧል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሞተሩ ግር ብሎ ይነሳል። ሰባት ስምንት ደቂቃ ይጮኻል። ከዚያ ላዩ ላይ ያሉትን ብርጭቆዎች አንቀጥቅጦ ድርግም ይላል። ጩኸቱን ብለምደውም ድንገት ዝም ሲል እነቃለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ማታ ማታ ሶኬቱን መንቀል ጀመርኩ። ወተቱ ተበላሸ። ክፍል ቀይሩልኝ ስል ሌላውም ክፍል ያው ነው አሉኝ፤ እውነታቸውን ነበር።

ስለዚህ አሁን ከመያዜ በፊት ደውዬ እጠይቃለሁ። ምድጃው ስንት ራስ ነው? ቢላው ይቆርጣል? ይህን ስጠይቅ የሚገረሙ አሉ። ሽንኩርት የማይቆርጥ ቢላ ይዞ 11 ሳምንት ማብሰል ግን አይቻልም። ፍሪጁ ከአልጋው በምን ያህል ይርቃል? ጠረጴዛው የቡና ጠረጴዛ ነው ወይስ ላፕቶፕ ከነሰነዱ የሚይዝ? ወንበሩ መደገፊያ አለው? የልብስ ማጠቢያ ማሽን ለስንት ክፍል ስንት ነው? ለትልቅ ሕንፃ ሁለት ማሽን ካለ እሁድ ማታ ሰልፍ ነው፤ እኔ ረቡዕ ጠዋት ከሥራ በፊት ማጠብ የለመድኩት በዚህ ነው። ጽዳትስ በየቀኑ ነው ወይስ በሳምንት አንዴ? ረጅም ቆይታ ሆቴሎች ብዙ ጊዜ በየቀኑ አያጸዱም። እኔ ይህን እወደዋለሁ፤ ዕቃዬ ባስቀመጥኩበት ይቆየኛል።

የክፍሉ ቦታም ዋጋ አለው። ከሊፍቱና ከበረዶ ማሽኑ የራቀ፣ መስኮቱ ወደ ጀኔሬተር ወይም ወደ ዕቃ መጫኛ የማያይ ይሁን። ይህን ሲይዙ በጽሑፍ መጠየቅ፣ ከመግባት ሁለት ቀን በፊት ደግሞ ደውሎ ማስታወስ። ሪሴፕሽን ላይ ደርሶ መለመን ዘግይቷል።

ከሥራ ቦታው ርቀትም አለ። በቀን ሁለቴ 40 ደቂቃ መንገድ በ55 የሥራ ቀን ሲሰላ 73 ሰዓት ያልፋል። ከሦስት ቀን በላይ መሆኑ ነው። ይህን ሳሰላ ሁለት ሆቴሎችን ሌላ ነገራቸውን ሳላይ ሰረዝኳቸው።

እነዚህን አልፈው ዝርዝሬ ላይ ሦስት ሆቴል ቀሩ። ነጥብ የገባው እዚህ ላይ ነው።

ብዙ ሰው የሆቴሎችን የአባልነት ፕሮግራም ሲያወዳድር “በዶላር ስንት ነጥብ?” ብሎ ይጀምራል። ለረጅም ቆይታ ይህ ጥያቄ ያሳስታል። የማሪዮት ፕሮግራም፣ ማሪዮት ቦንቮይ፣ በአብዛኞቹ ሆቴሎቹ በ1 ዶላር 10 ነጥብ ይሰጣል። ሬዚደንስ ኢንና ሌላው የማሪዮት ረጅም ቆይታ ሆቴል ታውንፕሌስ ስዊትስ ላይ ግን 5 ብቻ ነው። አይኤችጂም ስቴይብሪጅና ካንድልዉድ ላይ ከ10 ወደ 5 ያወርዳል። የሂልተኑ ሆም2ም እንዲሁ 5 ነው። ማለትም በጣም ረጅም ጊዜ የምትቆዩበት ቤት ላይ በግማሽ ይከፍሏችኋል። ይህን አልወደውም። 77 ሌሊት የሚያድር እንግዳ አንድ ሌሊት ከሚያድረው ያነሰ መቆጠሩ ልክ አይመስለኝም።

አዳር ግን በግማሽ አይቆጠርም። አንድ አዳር አንድ ነው። በዓመት ውስጥ ያደራችሁት አዳር ሲበዛ የአባልነት ደረጃችሁ ከፍ ይላል። የረጅም ጉዞ ትርፍም እዚያ ላይ ነው። ቦንቮይ ላይ 10 አዳር ሲልቨር፣ 25 ጎልድ፣ 50 ፕላቲነም፣ 75 ታይታኒየም ያደርጋል። አይኤችጂ ዋን ሪዋርድስ ላይ 70 አዳር ዳይመንድ ነው። ወርልድ ኦፍ ሃያት ላይ 60 አዳር ግሎባሊስት ያሰኛል። 77 አዳር እንግዲህ የሦስቱንም ገደብ ያልፋል። ሌላ ሰው ዓመቱን ሙሉ ተንከራቶ የማይደርስበትን ደረጃ በአንድ ጉዞ ታገኙታላችሁ ማለት ነው። ታዲያ አዳሩን ለሁለት ፕሮግራም ከፍሎ መበተን ኪሳራ ነው።

የሥራ ባልደረባዬ በዚሁ ጉዞ ላይ ዓርብ ዓርብ እየወጣ ቤቱ ይገባ ነበር። ሰኞ ገብቶ ዓርብ መውጣት በሳምንት 4 አዳር ነው፤ በ11 ሳምንት 44። በቦንቮይ ቢሆን ፕላቲነም ሊሆን 6 አዳር ይጎድለው ነበር። እሱ የያዘው አይኤችጂን ነው፤ እዚያ ፕላቲነም በ40 ይገኛል። ለእሱ ትክክለኛው ምርጫ ያ ነበር። የራሳችሁን አዳር ሳትቆጥሩ የሰው ምክር አትውሰዱ የምለው ለዚህ ነው።

ቀኑንም እዩ። የአዳር ቆጠራው በፈረንጆች ጥር 1 ከዜሮ ይጀምራል። ጉዞው ኅዳር ላይ ጀምሮ የካቲት ላይ ቢያልቅ 77ቱ ለሁለት ዓመት ይከፈልና የትኛውም ላይ ትልቁን ደረጃ ላታገኙ ትችላላችሁ። የእኔ በዓመቱ መጀመሪያ ላይ ስለዋለ ተመቸኝ። ያገኘሁትን ደረጃ የዓመቱን ቀሪ ጊዜና ቀጣዩን ዓመት እጠቀምበታለሁ።

የደረጃ ጥቅም ሲነገር ነፃ ቁርስ፣ ነፃ ቁርስ ይባላል። ሬዚደንስ ኢን ወይም ስቴይብሪጅ ለሚያድር ሰው ቁርሱ ለማንኛውም እንግዳ ከክፍሉ ጋር ስለሚመጣ ጥቅሙ እዚያ አይታይም። የደረጃው ፍሬ የሚበላው በኋላ፣ ሌላ ዓይነት ሆቴል ስታድሩ ነው። ስለዚህ ራሴን የጠየቅኩት “ከዚህ ሥራ በኋላ የት የት እሄዳለሁ?” ብዬ ነው። ግሎባሊስት በጥቅሙ እጅግ ጥሩ ደረጃ ነው፤ የሃያት ነጥብም አንዷ ከሌሎቹ የበለጠ ታወጣለች። ግን ሃያት በዓለም ላይ ያሉት ሆቴሎች ከማሪዮት ጋር አይወዳደሩም። ማሪዮት ከ9,000 በላይ አለው። ሥራዬ የሚወስደኝ ትንንሽ ከተሞች ድረስ ስለሆነ ደረጃዬን የምጠቀምበት ሆቴል በቦታው መኖሩ ይበልጥብኛል። ዘወትር ትልልቅ ከተማ የምትሄዱ ብትሆኑ ሃያትን ያዙ እላችሁ ነበር።

ሬዚደንስ ኢንን ከቦንቮይ ጋር ያዝኩ።

ሌላ የተማርኩት ነገር አለ። ነጥብና አዳር የሚገባው ሂሳቡ ሲዘጋ ነው። 77ቱን በአንድ ሂሳብ ብይዘው እስከ መጨረሻው ቀን ተራ አባል ሆኜ እቀር ነበር። ስለዚህ ሥራ አስኪያጇን አነጋገርኩና በ28፣ በ28 እና በ21 አዳር ከፈልነው። ክፍሉ ያው ክፍል ነው፤ የተዘጋው ወረቀቱ ብቻ ነው። የመጀመሪያው 28 እንደተዘጋ ጎልድ ሆንኩ፤ የሁለተኛው ወር ነጥብ 25 በመቶ ጨመረ። 56 ላይ ፕላቲነም፤ የመጨረሻው 21 አዳር 50 በመቶ ጭማሪ አገኘ። በግማሽ የተቆረጠው ነጥብ በከፊል በዚህ ተመለሰ። ለፋይናንስ ክፍላችንም ወርሃዊ ደረሰኝ ተስማማው።

ይህን ስታደርጉ ግን ታክሱን ጠይቁ። በአንዳንድ አገርና ከተማ 30 ተከታታይ ቀን ክፍል የያዘ እንግዳ ከሆቴል ታክስ ነፃ ይሆናል። ከመጀመሪያው ቀን ይህን ያህል እቆያለሁ ብሎ በጽሑፍ ማሳወቅ የሚጠየቅበትም አለ። ቆይታው እንደተቋረጠ ከተቆጠረ ያ ነፃነት ሊቀር ይችላል፤ እሱ ደግሞ ከነጥቡ ሁሉ የሚበልጥ ገንዘብ ነው። እኔ “ሂሳቡ ይዘጋ፣ ቆይታው ግን አይቋረጥ” ብዬ በኢሜይል አጻፍኩት። አንዳንድ ሆቴል ደግሞ 30 ቀን ሳይሞላ እንግዳውን ለአንድ ሌሊት የሚያስወጣበት ጊዜ አለ፤ እንግዳው በሕግ እንደ ተከራይ እንዳይታይ ነው። ሻንጣ ሸክፎ ለአንድ ሌሊት ሌላ ቦታ ማደር ሥራ መሐል ላይ ምን እንደሚመስል አስቡት። ቀድሞ መጠየቅ ነው።

77ኛው አዳር ላይ ታይታኒየም ደረስኩ። 75 ላይ ከሚቀርቡት ስጦታዎች ውስጥ እስከ 40,000 ነጥብ በሚጠይቅ ሆቴል የሚያገለግለውን የአንድ ነፃ አዳር መረጥኩ። የቀረውን ነጥብ ከባለቤቴ ጋር ለዕረፍት አዋልነው። ቦንቮይ በነጥብ አምስት ተከታታይ አዳር ሲያዝ የሚቆርጠው የአራቱን ስለሆነ ሆን ብለን አምስት ያዝን። ለ11 ሳምንት ብቻዋን ቤት ስትይዝ የኖረችው እሷ ስለሆነች ሆቴሉን የመረጠችው እሷ ናት።

ክፍሉን ከፍተን ስንገባ ሻንጣውን ሳላስቀምጥ ፍሪጁን ፈለግኩ። ከአልጋው ማዶ፣ በሩ አጠገብ ነበር።