ሪፈር ጎትቼ ያየሁት

ስድስት ዓመት ደረቅ ጭነት ነበር የምጎትተው። ከዚያ ሁለት ዓመት ተኩል ሪፈር ላይ ሠራሁ። ለማያውቀው፣ ሪፈር ማለት ፊቱ ላይ ማቀዝቀዣ ማሽን የተገጠመለት ተሳቢ ነው። ሥጋ፣ አይስክሬም፣ አትክልት፣ መድኃኒት የሚሄደው በሱ ነው። «ልግባበት ወይስ ይቅርብኝ?» የሚሉኝ ሹፌሮች ስለበዙ ያማረረኝን ልጻፍ። ጥሩ ጥሩውን ቀጣሪዎቹ ይነግሯችኋል። እኔ ከ5 ኮከብ 2 ሰጥቼዋለሁ፣ እሱም ሥራ ስለማይጠፋ ነው። ሰው በየትኛውም ወቅት ይበላላ!

ከድምፁ ልጀምር። ማሽኑ የራሱ የናፍጣ ሞተር አለው። የተቀመጠውም እናንተ ከምትተኙበት ከጋቢናው ጀርባ ነው። ያለማቋረጥ ሲሠራ እንኳ ደህና ነው፣ ጆሮ ይለምደዋል። የሚያሳብደው ሙቀቱን እያየ ራሱ እንዲነሳና እንዲጠፋ ሲደረግ ነው። ዝም ይላል፣ እንቅልፍ ሸለብ ሲያደርጋችሁ ጓ! ብሎ ይነሳል፣ ጋቢናው ይንቀጠቀጣል፣ ትንሽ ጮሆ ደግሞ ጭጭ፤ እንዲህ እያለ ይነጋል። ከጥቂት ወር በኋላ ደግሞ ነገሩ ይገለበጥና የሚቀሰቅሳችሁ ዝምታው ይሆናል። «ጠፋ እንዴ?» ብላችሁ በካልሲ ወርዳችሁ ስክሪኑን ታያላችሁ። መጀመሪያ ሰሞን ማሽኑ የራሱን በረዶ ሊያቀልጥ ዲፍሮስት ውስጥ ሲገባ፣ ስክሪኑ ላይ ሙቀቱ ሽቅብ ሲወጣ አይቼ ላብ በላብ ሆኛለሁ። ለካ ጤነኛ ነው።

ዋናው ጉዴ ግን ጥበቃው ነው። ቀጠሮው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይሆናል። እናንተ በሰዓቱ ትደርሳላችሁ፣ ወረቀት ትሰጣላችሁ፣ «ጠብቅ» ትባላላችሁ። ለአራት ሰዓት፣ ለስድስት ሰዓት ያህል። አንዳንዴ ልትጭኑት የመጣችሁት ሰላጣ ገና ማሳ ላይ ነው። አንዳንዴ ደርሷል ግን አልቀዘቀዘም። ስታራግፉም ያው ነው፣ ፓሌቱ (ዕቃው የተደረደረበት የእንጨት መደብ) ይፈታል፣ ይቆጠራል፣ እንደገና ይደረደራል። የሚከፈላችሁ በኪሎ ሜትር ከሆነ ጎማው ካልዞረ ገንዘብ የለም። ማሽኑ ግን እንደ ሥራው በሰዓት ከ2 እስከ 4 ሊትር ናፍጣ ይጠጣል። የሱ ታንክ ከመኪናው የተለየ ስለሆነ ሁለት መለኪያ ነው የምትከታተሉት። ደክሟችሁ የመኪናውን ሞልታችሁ የሱን ረስታችሁ ከማደያ የወጣችሁ ቀን... እኔ ያስታወስኩት 40 ኪሎ ሜትር ከሄድኩ በኋላ ነው። ተመለስኩ።

ሌላው የዲግሪ ነገር ነው። አንዴ በረዶ የሆነ ዶሮ ጫንኩ። ወረቀቱ ላይ «0» ይላል። እኔም ማሽኑን 0 ላይ አድርጌ፣ አሳሽጌ ወደ መውጫው ሄድኩ። ጠባቂው ወረቀቱን አየ፣ ስክሪኑን አየ፣ ከዚያ እኔን አየና «ወንድሜ፣ ቀቅለህ ነው የምታደርሰው?» አለኝ። ለካ የወረቀቱ ዜሮ በፋራናይት ነው፣ የኔ ማሽን ደግሞ በሴልሺየስ ነው የሚያሳየው። የፋራናይት ዜሮ በሴልሺየስ 18 ከዜሮ በታች ነው። ያ ሰውዬ ዝም ብሎ በሩን ቢከፍትልኝ ኖሮ ዛሬ ይህን የምጽፈው እየሳቅኩ አይሆንም ነበር።

ሌላም ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ማሽኑ የተሠራው የቀዘቀዘውን እንደቀዘቀዘ እንዲያቆይ እንጂ ትኩሱን እንዲያበርድ አይደለም። ስለዚህ ሞቅ ያለ ፍራፍሬ ከጫኑላችሁ ሞቅ ያለ ፍራፍሬ ነው የምታደርሱት፣ ተጠያቂውም እናንተ ናችሁ። መድኃኒቱ ሹል ቴርሞሜትር ይዞ ካርቶን ከፍቶ ፍሬውን መውጋት ነው፣ ከመሃልም ከዳርም። ችግሩ አንዳንድ ቦታ ዶኩ ላይ (መጫኛው መድረክ ላይ) አያስወጧችሁም። በሩ ታሽጎ ይሰጣችኋል፣ «ፈርም» ይሏችኋል። ሲደርስ ተቀባዩ ቴርሞሜትሩን ይወጋና ፊቱን ያጠቁራል። እኔ አንድ ሙሉ ጭነት እንጆሪ ተመልሶብኝ ያውቃል። ስክሪኑ ሙሉ መንገድ ልክ ነበር፣ ግን አናቱ ላይ እስከ ጣሪያ ስለደረደሩት አየር አላለፈም። ወዴት እንደምወስደው የሚነግረኝ ሰው እስኪገኝ አንድ ቀን ተኩል ቆምኩ፣ እንጆሪውም አብሮኝ ቆመ።

ፍሬውም ራሱ ዓመለኛ ነው። ሙዝ 13፣ 14 ዲግሪ ይወዳል። ከዚያ በታች ከቆየ ልጣጩ ይጠቁራል። ፖም የሚያስበስል ጋዝ ስለሚያወጣ አጠገቡ ያለውን ቅጠላ ቅጠል ያስቢጫል። የተንጠለጠለ ሥጋ ደግሞ መታጠፊያ ላይ ይወዛወዛል፣ እናንተ ወደ ቀኝ ስትዞሩ እሱ ወደ ግራ። በተለይ ፈጠን ብላችሁ ከሆነ መሪው ላይ ታውቁታላችሁ።

ማጠቡ፣ ሽታው፣ በተሳቢው ክብደት ምክንያት ከጭነቱ የሚቀነሰው ኪሎ፣ እነዚህ ይለመዳሉ። ዓሣ ካራገፋችሁ በኋላ ግን ሁለት ጊዜ አሳጥቡ። ቀጣዩ ጫኝ በሩን ከፍቶ አንዴ አሽትቶ ይመልሳችኋል።

በፈጠራው ላይ ቅሬታ የለኝም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ፍሬድሪክ ማኪንሊ ጆንስ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ለመኪና የሚሆን ማቀዝቀዣ ባይሠራ ኖሮ በረዶና ጨው ጭነን እየሮጥን ነበር። ከማሽኑ ብራንዶች ቴርሞ ኪንግ ይሻላል፣ ኬሪየር ይሻላል እያሉ እንደ ኳስ ደጋፊ የሚጨቃጨቁም አሉ። በሁለቱም ሠርቻለሁ፣ በሁለቱም እንቅልፍ አጥቻለሁ።

አሁን ወደ ደረቅ ጭነት ተመልሻለሁ። የመጀመሪያዋን ሌሊት ፀጥታው እንቅልፍ ነሳኝና ሁለቴ ወርጄ፣ ምንም ያልተገጠመበትን የተሳቢውን ፊት በባትሪ አይቼ ገባሁ።