የድሮ ሴይኮ ፋይቭ ያላችሁ፣ ለእኚህ ሰው ስጡት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብቻ ብዬ ማለፍ የከበደኝ አንድ የመርካቶ ሰዓት ሠሪ አሉ። ስማቸው እንዲጻፍ አልወደዱም፤ የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀኝ፣ ቦታውን እነግራለሁ። ሥራቸውን ግን ሳልናገር አልቀርም።

ይዤላቸው የሄድኩት ሰዓት 6119 የተባለ ማሽን ያለው፣ ባለ 21 ድንጋይ (ዘንጎቹ እንዳይበሉ የሚዞሩባቸው ጠንካራ ድንጋዮች) ሴይኮ ፋይቭ የተባለ የጃፓን አውቶማቲክ ሰዓት ነው። እሳቸው ጋ ከመድረሱ በፊት ያልደረሰበት የለም። አንዱ ቤት ማሽኑን ሳይፈታ ዘይት ጠብ አድርጎበት «ተሠርቷል» ብሎ መለሰ። ጥቂት ቀን ሄደና በየቀኑ ብዙ ደቂቃ ይቀድም ጀመር። እንዲህ የሚሆነው ዘይቱ ሚዛኑን (ወዲያና ወዲህ እየዞረ ጊዜውን የሚቆጥረውን ጎማ) የምታወዛውዘው ቀጭን ሞላ ላይ ሲደርስ ጥቅልሎቿን ስለሚያጣብቃቸው ነው፤ ሞላዋ ያጠረች ያህል ትሆንና ሚዛኑ ይፈጥናል። ሌላው ቤት «ማሽኑ ሞቷል፣ ባትሪ እናስገባበት» አለ። ሌላው ደግሞ የጀርባ ክዳኑን በመክፈቻው ፈንታ በጉጠት ታግሎ ጫፍ ጫፉን ላጠው። ለዚህ ሁሉ ገንዘብ ተከፍሏል! ከሁሉ የሚያበሳጨው ግን «ፊቱን አዲስ እናድርገው» የሚለው ነው። ያረጀ ሰዓት ዋጋው ያለው ፊቱ ላይ መሆኑን የማያውቅ ሰው ሰዓት ባይነካ ይሻላል።

እኚህ አባት መጀመሪያ የያዙት አጉሊ መነጽር እንጂ መፍቻ አልነበረም። ክዳኑ ላይ ሁለት ቁጥሮች አሉ። በሰረዝ የተከፈለው የመጀመሪያ አራት አሃዙ ማሽኑን፣ ቀጥሎ ያለው ካሳውን (ማሽኑን የያዘውን የውጭ ብረት) ይናገራል። ለብቻው የተጻፈው ደግሞ የምርት ቁጥሩ ነው፤ የፊተኛው አሃዝ የዓመቱ መጨረሻ፣ ሁለተኛው ወሩ ነው። ከ1 እስከ 9 እንዳለ ይነበባል፣ 0 ኦክቶበር፣ «ኤን» ኖቬምበር፣ «ዲ» ዲሴምበር። የዚህኛው በ2 እና በ«ኤን» ይጀምራል፤ 6119 የ1970ዎቹ ማሽን ስለሆነ 1972 ኖቬምበር መሆኑ አያከራክርም (በፈረንጅ አቆጣጠር)።

ክዳን ግን ከሌላ ሰዓት ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ ከፍተው ማሽኑ አካል ላይ 6119 የሚለውን ፈለጉ። ሮተሩ (እጅ ሲንቀሳቀስ እየዞረ ሰዓቱን የሚሞላው ግማሽ ክብ ብረት) ላይ ያለውን ብቻ ማመን ጥሩ አይደለም፣ በቀላሉ ይቀየራልና። ፊቱ ላይ 21 ተብሎ ሮተሩ 17 ካለ ከሁለት ሰዓት የተገጣጠመ ነው። ከዚያ የፊቱን የታችኛ ጠርዝ አዩ፤ በጣም በደቀቀ ጽሕፈት 6119 ብሎ የሚጀምር ቁጥር አለ። ቀጥሎ ያለው አራት አሃዝ ከካሳው ቁጥር ጋር ባይገጥም ችግር የለውም፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ በከንቱ ይደነግጣል። ቁጥሩ ጭራሽ ከሌለ ግን ተጠራጠሩ። ከህንድ የሚመጡት እንደገና የተቀቡ ፊቶች ብዙ ጊዜ የሚያዙት በዚህ ነው፦ ጽሑፋቸው ወፍራም፣ የደቂቃ መስመሮቻቸው ከተለጠፉት ምልክቶች የተዛነፉ፣ ቀለማቸው ብዙ ጊዜ ፋብሪካው ለዚያ ሞዴል ያላወጣው።

«ጋሼ፣ ይህች ነጠብጣብ አትጠፋም?» ሲባሉ መነጽሩን አቀበሉኝና ከመሳቢያቸው አንድ የተቀባ ፊት አውጥተው ከጎኑ አስቀመጡ። «እየው፤ ይህን ብነካው ዋጋውን የምገድለው እኔ ነኝ» አሉ። ቢቀቡት ገንዘብ ያገኙበት ነበር። ሳይጠየቁም የሰከንዱ ዘንግ የራሱ እንዳልሆነ ነገሩኝ፤ የሚያበራው ቀለሙ ከሌሎቹ ሁለት ጋር አይመሳሰልም። ተመሳሳዩን እስኪያገኙ ድረስ ዝም ብለው ሌላ አልገጠሙበትም፣ ስልኬን መዘገቡ። እንዲህ ያለ ሰው ይገኛል ብዬ ማን ያምነኛል?

እጥበቱ እንደ ደንቡ ነው የተሠራው። ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ተፈታ፣ በቤንዚን ታጠበ፣ የድንጋዮቹ ቀዳዳ በሾለ እንጨት ተጠረገ። ለፈጣኖቹ ጥርሶች ቀጭን ዘይት፣ ለዘገምተኞቹ ወፍራም፣ ለቀን መቀየሪያውና ለመሙያው (በጎን ላለችው የምትሽከረከር ቁልፍ) ክፍል ግሪስ። የአንከሩ (ጥርሶቹን አንድ በአንድ እየያዘ የሚለቀው ሹካ መሰል ብረት) ምሰሶዎች ደረቅ ይቀራሉ፤ እዚያ ዘይት የሚጨምር ሰው ማሽኑን ያዳክመዋል። ዋናው ሞላ ተቀየረ። አውቶማቲክ ስለሆነ ሞላው ሲሞላ የተጠቀለለበትን ክብ ቤት ግድግዳ ታክኮ መንሸራተት አለበት፤ ግድግዳው ላይ ትክክለኛው ግሪስ ከሌለ ቀድሞ ይንሸራተትና ሰዓቱ ሌሊት ላይ ይቆማል። በመጨረሻ ምቱን በሚለካው መሣሪያ ላይ በተለያየ አቀማመጥ ተፈተነ፣ በሰዓት 21,600 ምት። አሮጌው ሞላና ውሃ የሚከለክለው የክዳኑ ጎማ በትንሽ ፖስታ ተመለሰልኝ። የተቀየረውን ዕቃ የሚመልስ ሰው ምን እንደሠራ ያውቃል፤ እባካችሁ እሳቸው ጋ ሂዱ።

አያያዙንም ያስተምራሉ። 6119 በእጅ አይሞላም፤ መሙያውን ማሽከርከር ሞላውን አያጠብቅም። የቆመ እንደሆነ በጎን በቀስታ አወዛውዞ ማድረግ ነው። ቀኑ የሚቀየረው መሙያውን በመጫን ነው፦ በከፊል ሲጫኑት ቁጥሩ፣ እስከ መጨረሻ ሲጫኑት የሳምንቱ ቀን። ዘንጎቹ ወደ 9 ቀርበው የቀኑ መለወጫ ከተጀመረበት አንስቶ 4ን እስኪያልፉ ድረስ ግን መጫን ጥርስ ሊሰብር ይችላል። እዚህ ላይ የእኛ አቆጣጠር ያሳስታል። ሰዓቱን በፈረንጅ የሞላ ሰው አደገኛው ጊዜ ከምሽቱ 3 እስከ ሌሊቱ 10 ነው፤ በሐበሻ ሞልቶ ቀኑ ንጋት 12 ላይ እንዲዞር ያደረገ ደግሞ ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 4። ማስታወስ የሚከብደው አስቀድሞ የሰዓቱን ዘንግ 6 ላይ ያድርግ፣ ከዚያ ይጫን፤ በሁለቱም አይሳሳትም። ወራችን 30 ስለሆነ፣ የሰዓቱ ቁጥር ግን እስከ 31 ስለሚሄድ፣ በየወሩ ማስተካከል አይቀርም፤ ጳጉሜን ለብቻዋ ናት።

ክዳኑ ላይ ውሃ አይገባውም የሚለው አዲስ ለነበረበት ዘመን ነው። ጎማ ቢቀየርለትም ሻወርም ሆነ የጥምቀት ርጭት ላይ አውልቁት። በቀን ሃያ ሠላሳ ሰከንድ ቢስት ለዕድሜው ጤነኛ ነው። በድንገት ብዙ ደቂቃ ከቀደመ ግን ማግኔት ነክቶት ሊሆን ስለሚችል፣ ስፒከር አጠገብ ታሳድሩት እንደሆነ አስቡ፤ ማግኔቱን እሳቸው በደቂቃ ያወጡታል።

ስትሄዱ ቀድማችሁ አታጽዱት፣ ክዳኑንም ለመክፈት አትሞክሩ። ጠዋት ብትሄዱ ወረፋው ይቀላል።