«መብራት ሲጠፋስ?» ብሎ ለጠየቀኝ ልጅ

ሰው ሲያናድደኝ ለመጻፍ ፈጣን ነኝ። ሲያግዘኝ ግን «ነገ እጽፋለሁ» እያልኩ ሁለት ወር አለፈ። ትናንት ማታ የሆነውን ካየሁ በኋላ አፈርኩና ቁጭ አልኩ። የማመሰግነው የመኪና ማደሪያችን በር ላይ በሪሞት የሚከፈት ቁልፍ የገጠመልኝን አንድ የደሴ ልጅ ነው።

ለማታውቁኝ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው፣ ቤቴ ደሴ። በፈረቃ ስለምሠራ ብዙ ቀን በመሃል ያለውን የሐረጎን ዳገት የምወጣው ከመሸ ነው። መንገዱ ቢበዛ 25 ኪሎ ሜትር ነው፤ ግን ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው። ኮምቦልቻ በሸሚዝ የዋለ ሰው ደሴ ሲገባ ጋቢ ያምረዋል። ክረምት ላይ ደግሞ ጉሙ አለ። ከጦሳ ተራራ የወረደ ጉም ውስጥ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ ከመኪና ወርዶ ከጓጉንቸር ጋር መታገል ምን እንደሚመስል የደሴ ሰው አይጠፋውም። ስልኬን በጥርሴ ነክሼ እያበራሁ፣ ቁልፉ ከደነዘዘ ጣቴ እያመለጠ፣ ከኋላዬ የውሻ ይሁን የጅብ ያለየሁት ኮቴ እየሰማሁ ስንት ማታ ከፍቻለሁ።

ስለዚህ አምና «ባለሙያ ነኝ» ያለኝን አንድ ሰው ጠራሁ። የማግኔት ቁልፍ ገጠመልኝ። ሲያዩት ያምራል። ሪሞቱን ስትጫኑ ይለቃል፣ በሩን ስትመልሱት ጥብቅ አድርጎ ይይዛል። ያልነገረኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማግኔቱ የሚይዘው ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ ነው። ለቢሮ በር እንዲህ መሆኑ ደግ ነው፤ እሳት ቢነሳ ሰው እንዳይቆለፍበት። ለኔ በር ግን ጉድ ነው። ተጠባባቂ ባትሪ አልነበረውም። በሩ ደግሞ አንድ ወጥ ሰፊ ላሜራ ሆኖ ከሥሩ ኩሽኔታ አለው። መሬቱስ? ደሴ ውስጥ ደልዳላ ግቢ ያለው ማን ነው? የኛም ወደ ውስጥ ዘቅዘቅ ያለ ነው።

አንድ ሌሊት መብራት ሄደ። ማግኔቱ ለቀቀ። በሩ ተንከባሎ ወለል ብሎ አደረ። ለሱብሂ ሶላት የተነሱት ጎረቤቴ እትዬ አይተው አንኳኩ። «ምነው ልጄ፣ ሌሊቱን ሙሉ እንግዳ ስትጠብቂ ነው ያደርሽው?» አሉኝ። ክሪኩና አንድ ቦቲ ጫማ ጠፍቶ ነበር። መኪናዋ ተርፋለች፤ አሮጊት ቪትዝ ማን ይፈልጋታል። ለሰውየው ብደውል፣ ብደውል አላነሳም። ወደ ጓጉንቸሬ ተመለስኩ።

ልጁን የጠቆሙኝም እኒሁ እትዬ ናቸው። ቡና ጠርተውኝ ቶናው ላይ ስንደርስ «አንድ ልጅ አለ፤ ወሬ አያውቅም፣ ሥራ ግን ያውቃል» አሉ። ደወልኩለት። ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት እመጣለሁ አለና 5 ሰዓት መጣ። ይሄን የምጽፈው ቅሬታ ለማቅረብ አይደለም፤ እናንተም ስትጠሩት እንዳይደንቃችሁ ነው።

እንደመጣ መሣሪያውን አላወጣም። በሩን በእጁ ገፋ አደረገና ሲንከባለል ቆሞ አየው። ከዚያ «እታለም፣ መብራት ሲጠፋስ?» አለኝ። ሳቄ መጣ። ያን ሌሊት ነገርኩት። እሱ አልሳቀም። ማግኔቱን በካቻቢቴ ፈታና እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። «ይሄን ሱቅ ላለው ሰው ሽጪው፣ ላንቺ አይሆንም» አለ።

የመረጠልኝ ቁልፍ ምላስ ያለው ነው። በሩ ሲዘጋ ምላሱ ራሱ ገብቶ ይቆልፋል፤ ለመቆለፍ መብራት አይፈልግም። ኤሌክትሪክ የሚያስፈልገው ምላሱን ለመሳብ ለአንድ አፍታ ብቻ ነው። ከውጭ ደግሞ ተራ ቁልፍ ማስገቢያ አለው። ሁሉም ነገር ቢበላሽ እንደ ድሮዬ በቁልፍ እገባለሁ ማለት ነው። የሪሞቱን ምልክት የሚቀበለውን ሪሲቨርና ባትሪውን በረንዳው ጫፍ ያለችው ክፍል ውስጥ ሰቀላቸው። ባትሪው ያ በኮምፒውተር ዩፒኤስ ውስጥ የሚገባው ባለ 12 ቮልት ነው። መብራት ሲኖር ይሞላል፤ ሲጠፋ ሥራው ይቀጥላል።

ሪሞቱ ላይ ያሳየኝን አልረሳውም። «የድሮውን አምጪልኝ» አለ። ከኪሱ ሌላ ባዶ ሪሞት አውጥቶ ሁለቱን ፊት ለፊት ገጥሞ ቁልፋቸውን ተጫነ። ትንሽ ቆይቶ የሱኛው ሪሞት የድሮውን የኔን ሪሲቨር ቀጭ ማድረግ ጀመረ። አፌን ይዤ ቀረሁ። ያኛው ሪሞት ሁልጊዜ የሚልከው አንድ ዓይነት ኮድ ነው፤ አንዴ እጁ የገባለት ሁሉ ይገለብጠዋል። መኪና አጣቢ ጋ ስንት ጊዜ ከነሪሞቱ ትቼ እንደሄድኩ አሰብኩ። አዲሱ በተጫኑት ቁጥር ኮዱን የሚቀያይር ነው።

ልጄ ደግሞ አዲስ ዕቃ አይታ ዝም አትልም። ሪሞቱን ይዛ ጣቷን ሳታነሳ ስትጫን አያት። ምላሱን የሚስበው የሽቦ ጥቅል (ኮይሉ) ላይ ኃይል ከቆየበት እንደሚግል፣ ሲብስም እንደሚቃጠል ነገረኝና አንዲት ትንሽ ሰዓት ቆጣሪ ጨመረ። አሁን የፈለገችውን ያህል ብትይዘው ኃይሉ ከአንድ ሰከንድ በላይ አያልፍም። ይሄን ማንም አላዘዘውም። ልጅ አይቶ ነው የጨመረው።

ሁሉም ነገር ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። በ4ኛው ቀን ዝናብ እየዘነበ ስመጣ ሪሞቱን ተጫንኩ። ቁልፉ ጠቅ ይላል፣ በሩ አይላወስም። ደግሜ፣ ደጋግሜ ተጫንኩ። ጠቅ፣ ጠቅ ብቻ። በቁልፍ ከፍቼ ገባሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ «ይሄም እንደዚያኛው ሊሆን ነው» ብዬ ነበር። ደወልኩ። በሁለተኛው ጥሪ አነሳ። «አብሽሪ እታለም፣ ጠዋት እመጣለሁ» አለ። ያን ቀን እንኳን በሰዓቱ መጣ።

ቴስተሩን ባትሪው ላይ አደረገ፤ 12.6 ቮልት ያሳያል። በሩ ጋ ወርዶ ቁልፉ ላይ አደረገና እኔን «ተጫኚ» አለኝ። ስጫን ቁጥሩ ወደ 9 ከምናምን ዘጭ አለ። ቆጠብ አድርጎ ፈገግ አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። ወጪ ሊቆጥብልኝ ብሎ ያ የመጀመሪያው ሰው የዘረጋውን የደወል ሽቦ ነው የተጠቀመው። ቀጭን ነው፣ ከቤቱ እስከ በሩ ደግሞ 18 ሜትር አለ። ኃይሉ መንገድ ላይ አልቆ ነው የሚደርሰው። በዚያ ላይ በሩ በቁልቁለቱ የተነሳ ሁልጊዜ ምላሱ ላይ ይጫናል። ደክሞ የደረሰ ኃይል ያንን ክብደት ተሸክሞ ምላሱን መሳብ አቃተው።

ሽቦውን በሙሉ አውጥቶ በወፍራም ቀየረው። እንደገና ለካን፤ 11 ከምናምን። በሩ እንደ ቅቤ ለቀቀ። የተቀበለኝ የሽቦውን ዋጋ ብቻ ነው። የእጅህን ብለው «የራሴን ስህተት ላንቺ እንዴት እሸጣለሁ?» አለ። እትዬ ከግቢያቸው ሆነው ይሰሙ ነበርና ያን ዕለት የወረደለት ምርቃት ለልጅ ልጆቹም ይተርፋል።

አሁን ወደ ትናንት ማታ። ከሐረጎ ስወጣ ሰፈሩ ጨለማ ነው፤ መብራት ከሄደ ቆይቷል። ጉምም አለ። የመኪናዋን መብራት በሩ ላይ አድርጌ ተጫንኩ። ጠቅ። በሩ እያንጎራጎረ ተንከባለለና ግድግዳው ላይ የሰቀለልኝ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ላይ ዱብ ብሎ ቆመ። እትዬ ሻማ ይዘው በመስኮት ብቅ አሉ። «መብራት መጣ እንዴ?»

ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፤ የዕቃው ዋጋ እንደ ገበያው ስለሚለዋወጥ ነገ ከሱ ጋር ታጣሉኛላችሁ። በር ሲያይ ብዙ ይጠይቃል፤ አትሰልቹበት። ዕቃ ቀድማችሁ ገዝታችሁ አትጠብቁት፣ መጀመሪያ ይየው። ስሙን እንዳልጽፍ ስለለመነኝ ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እልካለሁ። ዓርብ ከቀኑ 6 እስከ 8 ሰዓት ግን አትደውሉ። ጁምዓ ላይ ነው፣ አያነሳም።